አክሲዮን ክስ ነበር

«አክሲዮን አለኝ» ለሚል ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ዘንድሮ ስንት ከፈለ?» የሚል ነው። ቃሉ በአፋችን ከትርፍ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። መነሻውን ለሚፈልግ ግን የሚያገኘው ክስ ነው።

ላቲኑ «አክቲዮ» ይላል። ማድረግ፣ መፈጸም ማለት ሲሆን በሮማ ሕግ ደግሞ ዳኛ ፊት የሚቀርብ አቤቱታ፣ «ይገባኛል» የሚባልበት መብት ነበር። ሆላንዶች «አክቲ» ብለው ወሰዱት። በ1602 እ.ኤ.አ. የተባበሩት የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሲቋቋም፣ ገንዘብ ያዋጣ ሰው በመዝገብ ላይ የሚሰፍርለት ነገር በዚሁ ስም ተጠራ። ቃሉን ፈረንሳዮች ከሆላንዶች ተቀበሉ፤ የእኛ አፍ የያዘው የእነሱን አነባበብ ነው። ጣልያንኛው «አጽዮኔ» ስለሚል ከየት እንደመጣ ድምፁ ራሱ ይመሰክራል። «ለገሃር»ን ያወረሰን ቋንቋ «አክሲዮን»ንም ቢያወርሰን አያስገርምም። የ1952ቱን የንግድ ሕግ ረቂቅ የጀመረው ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ፣ እሱ ሲሞት የጨረሰውም ሌላው ፈረንሳዊ አልፍሬድ ዦፍሬ ነበር።

«ይገባኛል» የሚለው ትርጉም ስም ብቻ ሆኖ አልቀረም። የሆላንዱ ኩባንያ የተቋቋመበት ቻርተር ከአሥር ዓመት በኋላ ለባለገንዘቦቹ አጠቃላይ ሒሳብ እንደሚቀርብ ይደነግግ ነበር። ቀኑ ደረሰ፤ ሒሳቡ አልቀረበም። ከዚያም በፊት፣ በ1609 እ.ኤ.አ.፣ ይሳቅ ለ ሜር የሚባል ከትልልቆቹ ባለአክሲዮኖች አንዱ ስለ ዳይሬክተሮቹ አሠራር ለሀገሪቱ ባለሥልጣን ለኦልደንባርኔቬልት የጽሑፍ አቤቱታ አቅርቧል። ብዙ ጸሐፊዎች የኩባንያ አስተዳደርን ታሪክ የሚጀምሩት ከዚህ ወረቀት ነው። ለ ሜር ራሱ ጻድቅ አልነበረም፤ በዚያው ሰሞን ከግብረ አበሮቹ ጋር ሆኖ ያልያዘውን አክሲዮን እየሸጠ፣ ዋጋው በወደቀ ቁጥር የሚያተርፍበትን ንግድ ያጧጡፍ ነበር። ጥያቄው ግን የጠያቂውን ንጽሕና የሚጠብቅ አልነበረም።

በ1622 እ.ኤ.አ. ነገሩ በገሃድ ፈነዳ። ባለአክሲዮኖች ስማቸውን ሳይገልጹ በበተኗቸው ጽሑፎች ዳይሬክተሮቹን ወረዱባቸው። ከስድቦቹ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው፣ ዳይሬክተሮቹ የሒሳብ መዝገቡን ውሻ እንዲበላው የአሳማ ሥጋ ቀብተውታል የሚለው ነው። ቻርተሩ በሚቀጥለው ዓመት ሲታደስ ትልልቆቹ ባለአክሲዮኖች ሒሳብ የማየት የተወሰነ መብት አገኙ። ትንንሾቹ ብዙም አልቀናቸውም።

የእኛው ቃል «ድርሻ» ጠባዩ ሌላ ነው። ሥሩ «ደረሰ» ነው፤ ድርሻ ለአንድ ሰው የደረሰው ነገር ነው። የገንዘብ ቤቱ «ደረሰኝ»ም ከዚሁ ሥር ነው፤ ገንዘቡን የተቀበለው ሰው «እጄ ገብቷል» ብሎ የሚፈርምበት ወረቀት። ድርሻ እስኪደርስ ይጠበቃል፣ አክሲዮን ግን ይጠየቅበታል። አብዛኛው ባለአክሲዮን ወረቀቱን በውጭው ስም ይጠራዋል እንጂ የሚይዘው እንደ ድርሻ ነው፤ የዓመቱ ትርፍ እስኪደርሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የኩባንያ አስተዳደር ችግራችን ግማሹ ከዚህ ይመስለኛል።

«ኩባንያ»ም ረጅም መንገድ የመጣ ቃል ነው። በላቲን «ኮም» አብሮ፣ «ፓኒስ» ዳቦ ነው፤ ሁለቱ ሲገጥሙ አንድ ዳቦ የሚቆርሱ ሰዎች ይሆናሉ። «ፓ» ወደ «ባ» መለወጡ ቃሉ «ፓ» በሌለው በዐረብኛ በኩል እንዳለፈ ያመለክታል። አማርኛ በራሱ መንገድ ሄዶ እዚያው ደርሷል፤ «ባልንጀራ» ባለ እንጀራ ነው። «ማኅበር» ደግሞ ከግእዙ «ኀበረ»፣ ከተባበረ፣ የወጣ ነው። የንግድ ሕጉ «አክሲዮን ማኅበር» ብሎ ሲሰይም የሮማን ሙግትና የእኛን ጽዋ በአንድ ስም አጋባቸው። ጽዋ ማኅበር ውስጥ ሙሴው ሥራውን ቢያጓድል በሚቀጥለው ወር ዝክር ላይ ፊት ለፊት ይነገረዋል። ባለአክሲዮኑ ብዙ ሺሕ ሲሆን ግን ፊት ለፊት መነጋገር ይቀራል። አዋሽ ባንክ ሲመሠረት መሥራቾቹ 486 ነበሩ፤ ዛሬ በትልልቆቹ ባንኮች ጉባኤ ላይ የሚሰበሰበውን ሕዝብ የሚችል አዳራሽ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ይህን ክፍተት እንዲሞላ የታሰበው ቦርድ ነው።

«ቦርድ» በጥንቱ እንግሊዝኛ ሳንቃ ነበር፤ ከዚያ ገበታ፣ ከዚያም በገበታው ዙሪያ የሚቀመጡት ሰዎች ሆነ። «ሊቀመንበር»ም የመቀመጫ ቃል ነው፤ «መንበር» የወጣው በግእዝ «ተቀመጠ» ከሚለው «ነበረ» ነው። በደርግ ዘመን ቃሉ ሌላ ጠረን ስለያዘ ይሁን በሌላ፣ ኩባንያዎቻችን «የቦርድ ሰብሳቢ» ማለቱን መርጠዋል። የ1952ቱ ሕግ ቦርዱ ከ3 ያላነሱ፣ ከ12 ያልበለጡ አባላት ይኑሩት፣ ሁሉም ባለአክሲዮኖች ይሁኑ ይል ነበር። ሐሳቡ የራሱ ገንዘብ ያለበት ሰው ይጠነቀቃል የሚል ነው፤ እውነትነት አለው። ሆኖም የራሱ ገንዘብ ያለበት ሰው ብድሩን፣ ዘመዱንና ጨረታውንም ይዞ ሊቀመጥ ይችላል። የጥቅም ግጭት የሚጀምረው ከዚያ ወንበር ነው።

«አስተዳደር» ላይ ትንሽ እንቆይ። የግእዙ «ኀደረ» ኖረ፣ ተቀመጠ ማለት ነው፤ አማርኛው «አደረ» ሌሊቱን አሳለፈ። ከዚያ «ተዳደረ»፣ ከዚያ «አስተዳደረ» መጣ፤ ሌላው እንዲያድር፣ እንዲኖር ማድረግ። «ስድስት ቤተሰብ ያስተዳድራል» ሲባል ሰውየው ያዛል ለማለት አይደለም፤ ያበላል፣ ያኖራል ለማለት ነው። ስለዚህ «መተዳደሪያ» የሰው የዕለት ገቢው ነው፤ የማኅበሩ ደንብም «መተዳደሪያ ደንብ» ይባላል። አውሮፓውያኑ ለዚሁ ነገር የያዙት ቃል ከግሪክ መርከበኞች የመጣ ነው፤ «ኪበርናን» መሪውን ይዞ መርከብ መንዳት ነበር። በግሪኩ የሚታየው አቅጣጫ ሲሆን በአማርኛው የቤቱ ሰው በሕይወት ማደሩ ነው። እኔ የአማርኛውን እመርጣለሁ፤ የኩባንያ ውድቀት የሚለካው ደመወዙን ባጣው ሠራተኛና ተቀማጩ ባልተመለሰለት ደንበኛ ነውና። የሚያሳዝነው «መልካም አስተዳደር» የሚለው ሐረግ በአፋችን ብቻውን መቆም ማቃቱ ነው፤ «የመልካም አስተዳደር ችግር» ሳይባል አይጠራም።

ይሁን እንጂ ግሪኩም አማርኛውም የሚናገሩት ስለሚመራው ሰው ነው። በኩባንያ ውስጥ ደግሞ መሪውን የሚጠብቅ ያስፈልጋል። በሰር ኤድሪያን ካድበሪ ሰብሳቢነት በ1992 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የወጣው ሪፖርት የኩባንያ አስተዳደርን ኩባንያዎች የሚመሩበትና ቁጥጥር የሚደረግባቸው ሥርዓት ብሎ ሲተረጉም ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧል። «ቁጥጥር» ከ«ቆጠረ» ነው፤ አንዱ የቆጠረውን ሌላው ዳግም መቁጠር። የፈረንጆቹ «ኮንትሮል»ም ከዋናው መዝገብ ጋር እየተነጻጸረ የሚነበብ ሁለተኛ ጥቅል ነበር። «ኦዲተር» ግን ሰሚ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን ሒሳብ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሹም። ኦዲተሩን የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ ቢመርጠው የሚሰማው የአስኪያጁን ድምፅ ብቻ ይሆን ነበር። በጉባኤው ቀን የኦዲተሩ ሪፖርት ሲነበብ አዳራሹ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያዳምጥ ለማየት ግን በምሳ ሰዓት አካባቢ መገኘት ይበቃል።

የቀረው «ውክልና» ነው። በግእዝ «ተወከለ» ታመነ፣ ተማመነ ማለት ነው፤ በዐረብኛም የቅርብ ዘመድ አለው። ጉባኤው ላይ መገኘት የማይችል ባለአክሲዮን ለሌላ ሰው ውክልና ይሰጣል። የቦርድ ምርጫ ሲቃረብ ግን ወረቀቱ ከመተማመን ይልቅ የመሰብሰብ ሥራ ይሆናል፤ ዕጩው ወይም ደጋፊው ከየቤቱና ከየሱቁ ፊርማ ይለቅማል፤ ፈራሚው የሚጠይቀውም «ዘንድሮ ትርፉ መቼ ይደርሰናል?» ብቻ ነው። የምርጫው ቀን አንድ ሰው የብዙዎችን ድምፅ በፌስታል ይዞ ይገባል፤ ድምፅ ሰጥቶ ይወጣል። ሒሳቡ ከመጽደቁ በፊት እጁን አውጥቶ ይህ ብድር ለማን ተሰጠ፣ ይህ ሕንፃ በስንት ተገዛ ለማለት የሚነሣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥቂት አክሲዮን ያለው ጡረተኛ ነው። ሰብሳቢው ሰዓቱን ያያል፤ ጎረቤቱ «ተወው፣ ጊዜ አትፍጅ» ይለዋል። በመላው አዳራሽ አክሲዮኑን በጥንቱ ትርጉሙ የያዘው እሱ ነው።