የግንበኛው ጎንበስታና የቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ

የቀዶ ጥገና ሐኪም ዓይኑን ከቁስሉ ሳያነሣ እጁን ሲዘረጋ፣ ነርሷ የሚፈልገውን መሣሪያ በመዳፉ ላይ ታኖራለች። ዛሬ እንደ ቀላል ነገር የሚታየው ይህ አሠራር እንዲስፋፋ ከተሟገቱት ሰዎች አንዱ ግን ሐኪም ሳይሆን ግንበኛ ነበር።

ፍራንክ ጊልብሬዝ እ.ኤ.አ. በ1868 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በሜይን ግዛት ተወለደ። በ17 ዓመቱ ግንበኝነትን ሲማር፣ አንዱ ግንበኛ እንኳ ሲቸኩል አንድ ዓይነት፣ ሌላውን ሲያስተምር ደግሞ ሌላ ዓይነት እንቅስቃሴ እንደሚያደርግ አስተዋለ። ጡቡም ከመሬት በተነሣ ቁጥር ግንበኛው መላ ሰውነቱን ዝቅና ከፍ ማድረግ ነበረበት። ጊልብሬዝ ጡቡንና ቡኮውን ለእጅ በሚመች ከፍታ የሚይዝ፣ ከግንቡ ጋር አብሮ ከፍ የሚል መወጣጫ ሠራ። አንድ ጡብ ለማኖር ይደረጉ የነበሩት 18 እንቅስቃሴዎች ወደ 5 ወረዱ፤ አንድ ሰው በሰዓት የሚያኖረው ጡብም ከ120 ወደ 350 ከፍ አለ። ይህን ውጤት ፍሬደሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ ጠቅሶታል።

ቴይለር በበኩሉ ሥራን በሰዓት በመለካት የታወቀ መሐንዲስ ነበር። በዚያው ዓመት በዋተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሥራቸው በሰዓት መለካቱን የተቃወሙ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ጊልብሬዝና እ.ኤ.አ. በ1904 ያገባት ሊሊያን ሞለር ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ለእንቅስቃሴውና ለድካሙ ትኩረት ሰጡ። የሥነ ልቦና ምሁሯ ሊሊያን ስለ ሥራ አመራር የጻፈችው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1914 ሲታተም፣ ሴትነቷ እንዳይታወቅ የራሷ ስም በመነሻ ፊደላት ብቻ ተጽፏል።

ባልና ሚስቱ እንቅስቃሴን በፊልም እየቀረጹ የማጥናት ዘዴያቸውን ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። ሕመምተኛው በማደንዘዣ ሥር ተኝቶ ሳለ፣ ሐኪሙ መሣሪያ በመፈለግ ብዙ ጊዜ እንደሚያባክን ተመለከቱ። መሣሪያዎቹ በቋሚ ቅደም ተከተል እንዲደረደሩና አቀባይ ረዳት እንዲመደብ መከሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አካላቸው ለጎደለ ወታደሮችም፣ ሰውየውን ለሥራው ከማስገደድ ይልቅ ሥራው ለሰውየው እንዲመች የሚደረግበትን መንገድ አጠኑ።

ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1924 በልብ ሕመም በድንገት ሲሞት፣ 12 ልጆችን የወለደችው ሊሊያን ሥራውን ቀጠለች። እ.ኤ.አ. በ1935 በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነች፤ ያረፈችውም በ1972 ነው።

የእነዚህ ሰዎች ጥናት ለጤና ባለሙያ የሚተርፍ ቁም ነገር አለው። የግንበኛው መዘግየት ከስንፍናው ሳይሆን ከጡቡ አቀማመጥ የመጣ ነበር። ለድንገተኛ ሕመምተኛ መድኃኒት ፍለጋ በየክፍሉ የምትመላለስ ነርስም «ዘገየች» ተብላ ከመወቀሷ በፊት፣ መድኃኒቱ የት እንደተቀመጠና ማን እዚያ እንዳስቀመጠው ሊጠየቅ ይገባል። በዚያ ምልልስ የሚባክነው የባለሙያዋ ጉልበት ብቻ ሳይሆን፣ ሕመምተኛው የቀረው ጊዜም ነውና።