ጎሚኒና ካርቦን፦ የድሮው ላንድሮቨር በካምፓላ

እኛ የጋባ ነጋዴዎች አሮጌ ላንድሮቨር ሲያልፍ ስናይ የኡጋንዳ ታሪክ ትዝ ይለናል። አገሪቱ እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሥር ስለነበረች የእንግሊዝ መኪና የተለመደ ነበር። በ1972 ኢዲ አሚን የእስያ ተወላጆችን በ90 ቀን አገር እንዲለቁ አዘዘ፤ ንግዱን በብዛት የያዙት እነሱ ነበሩና ዕቃ ጠፋ። መካኒኩም አሮጌውን ማደስ ግድ ሆነበት፦ የዲናሞ ካርቦን መቀየር፣ የፍሬን ሲሊንደር አጽድቶ አዲስ ጎሚኒ ማስገባት።

ሙያው ዛሬም ይጠቅማል፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተፈጥሮ ላስቲክ ጎሚኒ የሞተር ዘይት ከነካው ያብጣል፣ ፍሬኑም ይከዳል። በብዙዎቹ የድሮ የእንግሊዝ መኪኖች ደግሞ ከቦዲው ጋር የሚያያዘው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው፤ እንደ ዛሬው መኪና ያገናኘ ሰው ዕቃ ያቃጥላል። ስለዚህ መለዋወጫ ስናሻግር ሞዴሉንና ዓመቱን ጠይቀን እንግዛ።