ከጭቃ በሬ እስከ ሽቦ ሲኖትራክ

ኮዬ ፈጬ የኮንዶሚኒየም መንደር ከመሆኑ በፊት ጤፍና ሽምብራ የሚበቅልበት የእርሻ መሬት ነበር። የዚህ የአቃቂ አካባቢ ጥቁር መረሬ አፈር ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይታዘዛል። በእንዲህ ያለ መሬት የሚያድግ የገበሬ ልጅ ከብት እየጠበቀ በሬውን ከነቀንበሩ በጭቃ ያበጅና ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። የሚሠራው ዘወትር የሚያየውን ነው፤ የሚሠራበትም እግሩ ሥር ያገኘውን።

የከተማ ልጅም ከዚህ አልራቀም፤ እሱም የሚያየውን መኪና በሽቦ ይሠራል። መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ግድም፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። የጭነት መኪና በየመንገዱ የበዛው ግን ከጣልያን ወረራ ወዲህ ነው፤ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ፓራፋንጎ፣ ከመነዳሪ የሚሉት ቃላት ዛሬም ይህን ይመሰክራሉ። በኋላ የመጣው ፊያት 682 ኤን 3 ደግሞ ስሙንም ከጣልያንኛ ይዞ «ኤንትሬ» ተባለ። ግንባሩ ጠፍጣፋ በመሆኑ ለሽቦ ሥራ ይመቻል።

የሽቦ መኪና አሠራር ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። ወፍራሙ ሽቦ ሻንሲ ይሆናል፣ ቀጭኑ መጋጠሚያውን ይጠመጥማል። ጎማው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ይወጣል፦ ቆርኪ ሶሉ ላይ ተደፍቶ ዙሪያው ይሰመራል፣ በምላጭ ይቆረጣል፣ መሐሉ በጋለ ሽቦ ይበሳል። ቀዳዳው ትንሽ ከሰፋ ጎማው ይንገዳገዳል፤ ከጠበበ አይሽከረከርም። ዋናው ጥበብ መሪው ነው። ከፊት ጎማ ተነሥቶ እስከ ልጁ ደረት የሚደርስ ረጅም ሽቦ ጫፉ ላይ ክብ ተደርጎ ይጠቀለላል። ልጁ ቆሞ እየሄደ ይነዳል፤ እጁን ሲያዞር የፊት ጎማውም አብሮ ይዞራል።

ዕቃው የሚገኝበት መንገድም የራሱ ታሪክ አለው። «ቆርቆሮ ያለው!» ከሚለው ጥሪ ስሙን ያገኘው ቆራሌው በየሰፈሩ ጣሳና ብረት ይሰበስባል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉ እጆች ደግሞ ያንን ምድጃና ማንቆርቆሪያ ያደርጉታል። ልጁ የሚወስደው ከቆራሌው የተረፈውን ነው።

ኮዬ ፈጬ ላይ የእርሻው መሬት ለግንባታ ሲውል የሚታየውም የሚገኘውም ተለወጠ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ዕጣ ከወጣባቸው ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች መካከል የዚህ መንደር ቤቶች ይገኙበታል፤ ከመሬታቸው የተነሡት ገበሬዎች ጥያቄም በዚያው ሰሞን ተቃውሞ ሆኖ አደባባይ ወጣ። የገበሬዎቹ ሐዘን ከሕንጻዎቹ ታሪክ ሊነጠል አይገባም።

እንዲህ ያለ ግንባታ ለልጆች የሚተርፈው ብዙ ነው፦ የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ፣ የኮርኒስ ቁራጭ፣ የቀለም ጣሳ ክዳን። አሸዋና ጠጠር የሚያመላልሰው፣ በሚያደርሰው አደጋ «ቀይ ሽብር» የተባለው ሲኖትራክም ለዓይን ቅርብ ነው። የሽቦ ሲኖትራክ ጭነቱን እንዲደፋ ከተፈለገ የኋላው ሳጥን በአንድ ሽቦ ማጠፊያ ላይ ብቻ ይቀመጣል። ልጁ አፈር ይሞላበታል፤ ሳጥኑን በጣቱ ገፋ ሲያደርገው ጥቁሩ መረሬ ኮብልስቶኑ ላይ ይፈስሳል።