ማገሩ ሲቀየር፦ አንጉላር 2 እና የጭድ ተራው የዱቤ መዝገብ

«ታዲያ ያ የሠራህልኝ ነገር አርጅቷል እያልከኝ ነው?»

ይህን ያሉኝ በመርካቶ ጭድ ተራ የቤት ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍሉ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ነጋዴ ናቸው። ጊዜው ኅዳር 2007 ዓ.ም. ነበር። የሠራሁላቸው ነገር በብራውዘር የሚከፈት የዕቃና የዱቤ መዝገብ ነው፤ ማን ምን ወሰደ፣ ስንት ቀረበት፣ መቼ ሊከፍል ቃል ገባ የሚለውን ያሳያል። ሥራ ላይ ከዋለ ገና ዓመት አልሞላውም። «አላረጀም ጋሼ፤ የተሠራበት ማገር ሊቀየር ነው ተባለ እንጂ» አልኳቸው። «ማገሩ ከተቀየረማ ቤቱ ምን ቀረው?» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮግራመሮች ይህንኑ ጥያቄ እጅግ በከረረ ቃል እየጠየቁ ነበር። ነገሩ በአንጉላር 2 ላይ የተነሣው ቁጣ ነው። ሶፍትዌር የሚያሠራም ሆነ የሚሠራ ሰው ታሪኩን ቢያውቀው ይጠቅመዋል ብዬ ስለማምን ከሥሩ ልጀምር።

ጃቫስክሪፕት ብሬንዳን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 ኔትስኬፕ ውስጥ ሆኖ የመጀመሪያ ቅጂውን በአሥር ቀን የሠራው፣ ዛሬ በማንኛውም ብራውዘር ውስጥ የሚገኝ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ፍሬምወርክ የሚባለው ደግሞ በዚህ ቋንቋ አስቀድሞ የተዘጋጀ አጽም ነው። በአማርኛ ማዕቀፍ የሚሉት አሉ፤ እኔ ግን ማገር ማለት ይቀለኛል። ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ምሰሶው ቆሞ ማገሩ ከታሰረ በኋላ ጭድ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ይመረጋል። ምርጊቱ ሲረግፍ በላዩ ላይ እንደገና መመረግ ይቻላል። ማገሩ ግን ውስጥ ተቀብሮ ስለሚቀር ግድግዳውን ሳያፈርሱ አይነኩትም።

አንጉላር ጄኤስ እ.ኤ.አ. በ2009 ሚሽኮ ሄቨሪና አዳም አብሮንስ የጀመሩት፣ በኋላም በጎግል ውስጥ ያደገ ማገር ነው። ቅጂ 1.0 እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ። የተወደደበት ምክንያት ግልጽ ነበር። በገጹ ላይ አንድ ቁጥር ሲቀየር ከእሱ ጋር የተያያዘው ሁሉ ራሱን ያስተካክላል። ለእኔ ይህ ማለት አንድ ደንበኛ 500 ብር ሲከፍል ቀሪ ዕዳው፣ የቀኑ ድምርና የሱቁ ጠቅላላ ሒሳብ ያለ ተጨማሪ ልፋት አብረው ይለወጣሉ ማለት ነው።

በጥቅምት 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2014) ፓሪስ ላይ ኤንጂ ዩሮፕ የተባለ ጉባኤ ተካሄደ። እዚያ የአንጉላር ቡድን አባላት ስለሚመጣው ቅጂ 2 ሲያስረዱ፣ የሚቀሩትን ክፍሎች አንድ በአንድ በመቃብር ድንጋይ ሥዕል ላይ ጽፈው አሳዩ። ኮንትሮለር ተቀበረ፤ ስኮፕ ተቀበረ፤ ሞጁሉም እንዲሁ። እንግዲህ እነዚህ የአንጉላር ጄኤስ ፕሮግራም ሁሉ የሚቆምባቸው ምሰሶዎች ናቸው። ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚያሻግር መንገድ አለ ወይ ለሚለው ጥያቄ ደግሞ በዚያን ጊዜ ይህ ነው የሚባል መልስ አልነበረም።

ቀልዱ ለአቅራቢዎቹ ቀልድ ነበር። ሥራውን አስረክቦ ገና ክፍያውን ላልጨረሰ ሰው ግን የመርዶ ያህል ነው። እንደ እኔ ግምት ቁጣውን ያባባሰው የለውጡ ትልቅነት ብቻ ሳይሆን አነጋገሩም ጭምር ነው።

ፕሮግራመሩም በአንድ ድምፅ አልተናገረም። ገና በዚያ ወር ለአለቃው ወይም ለደንበኛው አንጉላርን መርጦ ያስፈረመ ሰው የተናደደው ስለ ቴክኒክ አይደለም፤ ቃሉ ስለታጠፈበት ነው። ሁለተኛ ከመታለል ብሎ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ወደለቀቀው ሪአክት የሄደ አለ። በአንጉላር 2 ሥራ ላይ የነበረው ሮብ አይዘንበርግ ከቡድኑ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ላይ አውሬሊያ የተባለ የራሱን ማገር አስተዋወቀ። ዝም ብሎ የጠበቀም ብዙ ነው።

በሌላ በኩል ሠሪዎቹን የሚደግፉም ነበሩ፤ እኔም በከፊል ከእነሱ ጋር ነኝ። አንጉላር ጄኤስ ለውጥ ለማግኘት የሚከታተላቸውን ዋጋዎች ሁሉ ደጋግሞ ይፈትሻል። ሄቨሪ ራሱ በአንድ ገጽ ላይ ከ2,000 በላይ ነገር ለሰው ማሳየት ትርጉም የለውም ይል ነበር። እኔ ግን የሱቁን ዕቃ ዝርዝር በሙሉ በአንድ ገጽ ደርድሬው ስለነበር በአሮጌው ላፕቶፕ ላይ አንድ ፊደል ሲጻፍ እስኪታይ ድረስ ቡና ይጠጣል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዝርዝሩን ከፋፍዬ ማሳየት ነበረብኝ። ቢሆንም ስልክ ዋነኛ ኮምፒዩተር እየሆነ በመጣበት ዘመን ያ አሠራር እንደማያዛልቅ ታይቶኛል።

ቁጣው ፍሬ አላፈራም ማለት አይቻልም። ቡድኑ ሁለቱን ቅጂዎች በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚያስኬድ መሸጋገሪያ ሠራ፤ አትስክሪፕት ብሎ ያሰበውን ቋንቋም ትቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የማይክሮሶፍትን ታይፕስክሪፕት ተቀበለ። አንጉላር 2 በይፋ የወጣው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2016 ነው፤ በእኛ መስከረም 4 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ሰሞን። የአሮጌው ድጋፍ ደግሞ በኮቪድ ምክንያት ስድስት ወር ተጨምሮለት እስከ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2021 ዘለቀ። ከፓሪሱ መርዶ እስከ ቀብሩ ሰባት ዓመት አለፈ ማለት ነው። ፓሪስ ላይ ይህ ቢነገር ኖሮ ጋሼን ያን ዕለት አላስደነግጣቸውም ነበር።

ለነገሩ ማገር ሲቀየር ለእኛ አገር ሰው የመጀመሪያው አይደለም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታ ከማግኘቱ በፊት የአማርኛ መጻፊያዎቹ የየራሳቸው ኮድ ነበራቸው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የነጥብ ዝባዝንኬ ይሆናል። ዩኒኮድ የተሻለ መሆኑን የሚክድ አልነበረም፤ ግን የዓመታት ሰነዱ በድሮው ኮድ የተቀመጠ ቢሮ በአንድ ጀምበር ሊሻገር አልቻለም። ሁኔታው የተቃለለው ከአንዱ ኮድ ወደ ሌላው የሚገለብጡ መለወጫዎች ሲሠሩ ነው።

ወደ ጭድ ተራ ልመለስ። መዝገቡን ወዲያው አልነካሁትም። ይሠራል፤ ነጋዴውም ለተመሳሳይ ሥራ ሁለቴ የሚከፍሉበት ምክንያት የለም። ያደረግሁት የተጠቀምኩባቸውን ጥቅሎች ሁሉ ከነቅጂ ቁጥራቸው በዲስክ ማስቀመጥ ነው። ይህም ጠቀመኝ፤ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ ከውጭ ምንም ሳላወርድ ጥገና መሥራት ቻልኩ።

በ2013 ዓ.ም. የድጋፉ ማብቂያ ሲቃረብ እንደገና ጻፍኩት። ይኼኔ ነው ትልቁን ነገር ያየሁት። ከስኮፕና ከኮንትሮለር ጋር የተቋጠረው ሁሉ ተጣለ። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚለውጠው፣ ጳጉሜን 5 ነው 6 የሚለውን የሚያሰላው ክፍል ግን በተራ ጃቫስክሪፕት የተጻፈ ስለነበር አንድ መስመር ሳይቀየር ተሻገረ። የዱቤ ስሌቱም እንዲሁ። (ዛሬ ብራውዘሮች የኢትዮጵያን ቀን ራሳቸው አስልተው ያሳያሉ፤ ያኔ ባውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ባልደከምኩ።)

ሌሎች ማገሮች ከፓሪስ የተማሩ ይመስለኛል። ሪአክት እ.ኤ.አ. በ2018 ሁክስ የተባለውን አዲስ አጻጻፍ ሲያስተዋውቅ ክላሶችን የማስወገድ ዕቅድ እንደሌለው አብሮ ተናገረ፤ የቁጣው መጠን በእጅጉ ያነሰ ነበር። የቪው ሠሪ ኤቫን ዩ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ አጻጻፍ ሲያቀርብ፣ የተለመደው ሊቀር ነው ብለው የደነገጡ ተጠቃሚዎች ተነሡበት፤ አሮጌው እንደሚቀጥል በግልጽ ሲነገራቸው ተረጋጉ። አንጉላርም ከዚያ ወዲህ በየስድስት ወሩ ገደማ አዲስ ቅጂ ያወጣል፤ አብዛኛውን ማሻሻያ በአንድ ትእዛዝ የሚያከናውን መሣሪያም አለው።

እኔ ታዲያ መዝገቡን ያሻገርኩት ወደ ቪው ነበር፤ ያውም የለመድኩት ነው ብዬ ወደ ቪው 2። የእሱም ድጋፍ ታኅሣሥ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. አበቃ። ይህን ልነግራቸው ስሄድ ጋሼ በሰው ተከበው የዱቤ ሒሳብ ያወራርዱ ነበር። ሰምተውኝ ሲያበቁ ከጠረጴዛው ሥር ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር አወጡ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ኮምፒዩተሩ ላይ የሚገባውን ሁሉ ማታ ማታ እዚያም ላይ ሲጽፉ ኖረዋል። ስንተኛው ደብተር እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «አንተ ስንት ጊዜ ቀየርክ?» ብለው ወደ ደንበኞቻቸው ዞሩ።