የገና ሜዳና የጎልፍ ሜዳ፤ በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ ዙሪያ

ጎልፍ የተባለው ጨዋታ በአገራችን ታሪክ ብዙ ያልተጻፈለት ነገር ነው። አዲስ አበባን ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ ግን አንዳንድ ጊዜ ሻንጣውን ሳይፈታ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ዱላውን ይዞ የሚጫወትበት፣ ዓይን የሚማርክ ሜዳ ወዴት እንዳለ ማወቅ ይፈልጋል። እኛም ጥያቄውን እንደ ቀላል ነገር አንሥተን ስንመረምረው፣ ከጨዋታው ይልቅ ስለ ሜዳው፣ ይኸውም ስለ መሬቱ፣ የሚያስተምር ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ከተማዋን ከከበቡት ቦታዎች ሦስቱን፣ ሱሉልታን፣ ቡራዩንና ሰበታን ይዘን፣ ጎልፍና የእኛው የገና ጨዋታ መሬትን በምን መንገድ እንደ ተጠቀሙበት ለማስረዳት እንሞክራለን።

ጎልፍ በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ ያደገ ጨዋታ ነው። በባሕሩና በእርሻው መካከል ያለው አሸዋማ መሬት ለማረሻ የማይመች፣ በጎች ብቻ የሚግጡበት ስለ ነበረ ጨዋታው ማንንም ሳያፈናቅል በዚያ ተለመደ። እ.ኤ.አ. በ1457 በንጉሡ በዳግማዊ ጄምስ ዘመን የተሰበሰበው ምክር ቤት፣ ሕዝቡ ጎልፍና የእግር ኳስ እየተጫወተ የቀስት ልምምዱን ስለ ተወ ሁለቱም እንዲቀሩ አዘዘ። (ጄምስ ማለት ያዕቆብ ማለት ነው፤ በዚያው ዓመት በእኛም አገር ዘርዓ ያዕቆብ ነግሦ ነበር። ወደ እርሱ በኋላ እንመለሳለን።) ትእዛዙ እንዳልተፈጸመ ዛሬ ዓለም ሁሉ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1764 በሴንት አንድሩስ ከተማ የጉድጓዶቹ ቁጥር ከ22 ወደ 18 ዝቅ ተደረገና ይኸው ቁጥር ቀስ በቀስ ለሌሎችም ልማድ ሆነ። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር ግን አለ። ያ ጥንታዊ ሜዳ እስከ ዛሬ የሕዝብ መሬት ነው፤ እሑድ እሑድ ጨዋታው ይቋረጥና የከተማው ሰው ከነልጁና ከነውሻው ይንሸራሸርበታል።

ጨዋታው ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ግን የመጣው በአጥር ውስጥ ሆኖ ነው። በግንቦት 1889 ዓ.ም. ሬኔል ሮድ የእንግሊዝን መንግሥት መልእክት ይዞ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ውል ከተፈራረመ በኋላ፣ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን በከተማው ምሥራቅ፣ በተራራው ግርጌ፣ ከ30 ሄክታር የሚበልጥ ቦታ ያዘ። ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተባለው ተጓዥና ደራሲ በግንቦት 1902 ዓ.ም. የተወለደው በዚሁ ግቢ ነው። በኋላም በግቢው ውስጥ ባለ 9 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ ተዘረጋ። የውጭ አገር ሰዎች ስለ አዲስ አበባ ጎልፍ ሲያወሩ ከሁሉ በፊት የሚጠሩት ይህን ነው፤ ረጃጅም ዛፎች የከበቡት መሆኑ ያስመሰግነዋል። ይሁን እንጂ ሳይጠሩ አይገባም።

የዚህ ግቢ ስፋት በታሪክ አንድ ጊዜ ከመዝናኛ ለሚበልጥ ጉዳይ ውሏል። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ከከተማው ከወጡ በኋላ የኢጣልያ ጦር እስኪገባ ድረስ በነበሩት ጥቂት ቀኖች አዲስ አበባ ስትዘረፍና ስትቃጠል፣ ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑ የልዩ ልዩ አገር ሰዎች በዚሁ ግቢ ተጠልለው በህንድ ወታደሮች ተጠብቀው ሰነበቱ። እኛ ለዚህ ጥናት የምናተርፈው አንድ ነገር ነው፤ የታጠረ መሬት በደስታም ቀን ሆነ በመከራ ቀን ለማን እንደሚከፈት የሚወስነው የአጥሩ ባለቤት ነው።

ከዚህ ሌላ የቦሌ አይሮፕላን ጣቢያ ከመሠራቱ በፊት አይሮፕላን ያርፍበት በነበረው በአሮጌው ኤርፖርት ሰፈርም የጎልፍ ክበብ ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ ነበረው። በዚህ ላይ ብዙ አንቆይም።

የገናን ጨዋታ በተመለከተ አንባቢያችን ሁሉ ያውቀዋልና የአጨዋወቱን ሥርዓት በዝርዝር መጻፍ አያሻም። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ፣ ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተሠራ ሩር፣ ሁለት ወገን ሆነው የሚጋጠሙ ጎረምሶች ይበቃሉ። የእያንዳንዱ ወገን ቁጥር በሕግ የተወሰነ አይደለም፤ ከአንደኛው መንደር 20፣ ከሌላው 30 ሰው ቢመጣ ጨዋታው አይቀርም። ኦሮሞዎች ይህን የመሰለውን ጨዋታቸውን ቂሌ ይሉታል። በገና ዕለት ጌታ በሎሌው ቀልድና ዘለፋ እንዳይቆጣ ልማድ ያዝዛል፤ ያሸነፈ ያላገጠ እንደ ሆነ የተሸነፈው ችሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ግን ጊዜው ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል። በደጋው በዚያ ወራት እህሉ ታጭዶ ነዶው ተከምሯል፤ ሣሩም ከጥቅምት እስከ ኅዳር ታጭዶ ድርቆሽ ሆኗል። ስለዚህ ትናንት የአንድ ገበሬ ማሳ የነበረው ዛሬ የሁሉ መመላለሻ ይሆናል። ጨዋታው የራሱ የሆነ መሬት የለውም፤ መሬቱ ሥራውን ሲፈጽም ለጥቂት ሳምንታት ይዋሰዋል፣ በልግ ሲመጣም ይመልሳል። ጎልፍ ሜዳውን ዓመቱን በሙሉ ይይዛል፤ ገና ግን መንገደኛ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ቦታዎች እንምጣ። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ላይ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ረጅም ለጥ ያለ ሜዳ ነው። በእንዲህ ያለ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ የተመታ የጎልፍ ኳስ በባሕር ጠረፍ ከሚሄደው በመቶ 10 ያህል ርቆ ይሄዳል ይባላል፤ ለእንግዳው ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ነገር ግን መሬቱ ጥቁር ጭቃ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ውሃ ይተኛበታል፤ ሣሩ የሚያምረውም፣ ለከተማው ከብት ድርቆሽ የሚገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ደግሞም ሱሉልታን በዓለም ስፖርት ያስጠራት ዱላ ሳይሆን እግር ነው። ቀነኒሳ በቀለ መሮጫ የሠራው በዚያ ነው፤ እንግሊዛዊው ሞ ፋራም ለልምምድ ይመጣ የነበረው ወደዚያው ነው። ሯጩ ከከብቱ ጎን ያልፋል እንጂ ከብቱን አያስወጣም።

ቡራዩ በምዕራብ በኩል በአምቦ መንገድ ላይ ነው። ውበቱ የገፈርሳ ሐይቅ ነው፤ እርሱም ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚታቆርበት ስለ ሆነ በዳርቻው ሣር ለማለምለም ውሃ እንቅዳ የሚል ሰው ቢነሣ የሚሰማው አይመስለንም። ከዚያ በተረፈ ቤት በቤት ላይ ተሠርቶ ሰፊ ሜዳ ጥቂት ቀርቷል።

ሰበታ በደቡብ ምዕራብ፣ በጅማ መንገድ ላይ፣ ከሁለቱ ዝቅ ብላ ትገኛለች። ከበላይዋ ከ3,300 ሜትር በላይ የሚነሣው የወጨጫ ተራራ አለ፤ በተራራው ጎን ያለውን የሱባን የጥድ ደን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት የሚል ትውፊት አለ። እንግዲህ ስኮትላንዳዊው ያዕቆብ ጎልፍን በከለከለበት ዘመን የእኛው ያዕቆብ ዛፍ ያስተክሉ ነበር ማለት ነው፤ የማን ትእዛዝ እንደ ጸና አንባቢ ይፍረድ። በዚያው መንገድ ላይ ያለችውን የዓለም ገናን ስም ከጨዋታው ጋር ለማያያዝ ግን አንደፍርም።

ሙሉ የጎልፍ ሜዳ፣ 18 ጉድጓድ ያለው፣ ከ50 እስከ 60 ሄክታር ይፈልጋል። በቀድሞው መለኪያ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ስለ ሆነ አንድ ጋሻ ተኩል ገደማ ይሆናል። ይህን ያህል መሬት «ባዶ» ሆኖ የሚታየው በካርታ ላይ ብቻ ነው። እነዚህ ሜዳዎች ከተማው ከመቆርቆሩ በፊት የቱለማ ኦሮሞ ግጦሽና እርሻ ነበሩ፤ በኋላ በጉልት ተሰጡ፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ከዚያም ፋብሪካውና የአበባ እርሻው ተከተለ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን የሚያያይዘው ማስተር ፕላን ሲሰማ ተቃውሞ ተነሣ፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. እንደ ገና ተቀሰቀሰ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ በጥር 2008 ዓ.ም. ዕቅዱ መሰረዙ ተነገረ። ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልለዋል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው በዚያ ምድር ላይ ለመዝናኛ ተብሎ አዲስ አጥር ሲታጠር ነገሩ ጨዋታ ብቻ ነው ለማለት ይከብደዋል። ጎልፍን መንቀፋችን አይደለም። የሚሠራ ካለ ከሌጋሲዮኑ ይልቅ ሴንት አንድሩስን ይመልከት እንላለን፤ መንገዱ ለመንገደኛው፣ ሣሩም በወራቱ ለከብቱ ክፍት ይሁን።

በሱሉልታ ሜዳ ዳር ያነጋገርናቸው አንድ አዛውንት በልጅነታቸው ሩሩ ከመንገዱ እስከ ወንዙ ድረስ ይነዳ እንደ ነበረ ነገሩን። የእርሳቸው ወገን ግብ የወንዙ ዳር ነበረ። ዛሬ በዚያ በኩል የፋብሪካ ግንብ ቆሟል። ልጆቹ ጨዋታውን ትተውት እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። «የለም፣ አልተዉትም» አሉ፤ «አዙረውታል እንጂ። አሁን ወደ ተራራው ነው የሚመቱት፤ ሽቅብ ስለ ሆነ ግን ቶሎ ይደክማቸዋል።»