ፋይል ሲጠፋ፦ «ፎርማት» ከማለታችሁ በፊት

ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ሰክታችሁ ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ወይም ኮምፒውተሩ «መጀመሪያ ፎርማት መደረግ አለበት» ካላችሁ፣ እሺ አትበሉት። እኔ እዚህ ሃርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር ውስጥ ለሰፈሩ ሰው ኮምፒውተርና ስልክ እነካካለሁ። (ያር በሶማሊኛ ትንሽ ማለት ነው፤ ሰፈራችን «ትንሿ ጅግጅጋ» መሆኗ ነው።) ወደ እኔ የሚመጡት ፍላሾች የያዙት ዘፈንና ፊልም ብቻ አይደለም። ስካን የተደረገ ዲግሪ፣ የልጅ የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ ለኢንተርቪው የሚቀርብ ማስረጃ አለባቸው። ዋናው ወረቀት አገር ቤት ቀርቶ ወይም መንገድ ላይ ጠፍቶ ኮፒው ብቻ በእጁ ያለ ሰው ብዙ ነው።

ፋይል «ጠፋ» ሲባል ወይ ተደብቋል፣ ወይ ተሰርዟል፣ ወይ ደግሞ ዕቃው ራሱ እየሞተ ነው። ሦስቱም መፍትሔያቸው የተለያየ ስለሆነ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ እንለይ። ፍላሹ ላይ በቀኝ በኩል ክሊክ አድርጋችሁ ከታች «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ክፈቱ። ፎልደሩ ባዶ ሆኖ ሳለ 6 ጊጋባይት ተይዟል ካለ፣ ፋይላችሁ እዚያው አለ፤ ተደብቆ ነው።

የሚደብቀው ብዙ ጊዜ «ሾርትከት ቫይረስ» የምንለው ነው። እውነተኛውን ፋይል ይሰውርና በቦታው ተመሳሳይ ስም ያለው፣ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ያለባት ምልክት ያስቀምጣል። ያችን ስትነኩ ፎልደሩ ይከፈታል፣ ቫይረሱም አብሮ ይነሳና ኮምፒውተሩ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ የሚሰካ ፍላሽ ሁሉ ይያዛል። ፎቶ ቤትና ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ በቀን ስንት ፍላሽ አንድ ኮምፒውተር ላይ እንደሚሰካ አስቡት። ከእነዚህ ቫይረሶች አንዱ የሆነው አንድሮሜዳ በዓለም ዙሪያ ተሰራጭቶ ስለነበር ኤፍቢአይና የአውሮፓ ፖሊስ መረቡን እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በጋራ ዘግተውታል። በየኮምፒውተሩና በየፍላሹ የቀረው ግን በመዘጋቱ ብቻ አልጸዳም።

ላፕቶፕ ለሌላችሁ ቀላሉ ዘዴ ይኸውላችሁ። ፍላሹን በኦቲጂ ማገናኛ አንድሮይድ ስልክ ላይ ሰኩት። የዊንዶውስ ቫይረስ አንድሮይድ ላይ አይሠራም፤ የዊንዶውስ «ተደበቅ» የሚል ትእዛዝም ለአንድሮይድ ምኑም አይደለም፤ ፋይሎቹ እንዳሉ ይታያሉ። ስም የሌለው ፎልደር ካያችሁ ግቡበት፣ አንዳንዱ ቫይረስ ዕቃውን ሁሉ የሚያጉረው እዚያ ነው። ሰነዶቹንና ፎቶዎቹን ብቻ ወደ ስልኩ ገልብጡ፤ መጨረሻቸው «ኤልኤንኬ» ወይም «ኢኤክስኢ» የሆኑትን ግን ተዉአቸው።

ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የፎልደር «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ቪው» የሚለውን ክፈቱ። የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምረጡ፣ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለውን የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት አንሱ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አድርጎ «አልሠራም» ይላል፤ ቫይረሱ ፋይሉን የሲስተም ፋይል ስለሚያስመስለው ሁለተኛው የግድ ነው። ፋይሉን አውጥታችሁ፣ በአንቲቫይረስ ካስፈተሻችሁ በኋላ ፍላሹን ፎርማት ብታደርጉት ችግር የለም። ኮምፒውተሩም መጽዳት አለበት፣ ያለበለዚያ ነገ ያው ነው።

ለእኛ ስደተኞች አንድ ነገር ልጨምር። ፋይል የሚሰውር ቫይረስ ጯሂ ሌባ ነው፤ ሰላይ ፕሮግራም ግን ምንም ሳይነካ ዝም ብሎ ያያል። እ.ኤ.አ. በ2013 በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲቲዝን ላብ፣ የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶ ማጥመጃ ያደረገ የስለላ ፕሮግራም በኢትዮጵያውያን ላይ መዋሉን አጋልጧል። ስለዚህ «ፋይሌ አልጠፋም» ማለት «ኮምፒውተሬ ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም። ከማታውቁት ሰው የመጣ ፋይል አትክፈቱ።

የተያዘው ቦታ በእርግጥ ዜሮ ከሆነ ተሰርዟል ወይም ፎርማት ተደርጓል። ፈጣኑ ፎርማት የሚቀደው የመጽሐፉን ማውጫ ነው፣ ገጾቹ ውስጥ አሉ። ግን በላዩ አዲስ ነገር በጻፋችሁ ቁጥር አንድ ገጽ ይጠፋል። ስለዚህ አውጡትና አስቀምጡት፤ ፎቶ አትጨምሩበት፣ ሌላ ሰው «እስቲ ልሞክረው» ብሎ እንዲነካካውም አትፍቀዱ። ሙሉው ፎርማት ግን ሁሉንም በዜሮ ስለሚሞላ ከዚያ በኋላ ተስፋ የለም። ለማውጣት ፎቶሬክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ስሙ ፎቶ ይሁን እንጂ ፒዲኤፍና ወርድም ያወጣል። የፋይሎቹ ስም አብሮ አይመጣም፣ አንድ በአንድ ከፍቶ መለየት ነው። የወጣውን ፋይል በዚያው ፍላሽ ላይ እንዳታስቀምጡት፤ ገና ያልወጣውን ታጠፉበታላችሁ። ኤስኤስዲ ባለው ላፕቶፕ ላይ የተሰረዘ ከሆነ ግን ዕድሉ ጠባብ ነው።

ገበያ ላይ በጥቂት ዶላር የሚሸጥ «2 ቴራባይት» ፍላሽ ካያችሁ እለፉት። ውስጡ ምናልባት 16 ወይም 32 ጊጋባይት ነው፣ ቁጥሩ ተጭበርብሮ ተጽፎበታል። ከእውነተኛው ልኩ በላይ የገለበጣችሁት የገባ ይመስላል እንጂ ስትከፍቱት የለም። የሚያወጣውም ፕሮግራም የለም፤ መጀመሪያውኑ አልተጻፈማ።

ሃርድ ዲስክ እየሞተ ሲሆን ምልክት ይሰጣል። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ፣ አንድ ፎልደር ለመክፈት ደቂቃዎች መፍጀት፣ የፋይል ስሞች ወደማይነበብ ምልክት መለወጥ። መጀመሪያ ገመዱንና የምትሰኩበትን ቀዳዳ ቀይሩ፤ አንዳንዴ ጥፋቱ የገመዱ ብቻ ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የዲስኩን ጤና በቀለም ያሳያችኋል፤ ቢጫ ወይም ቀይ ካለ ጊዜ የላችሁም። ያኔ ፊልሙን ትታችሁ ሰነዱን አስቀድሙ፤ ወረቀት ትንሽ ስለሆነ በደቂቃ ይወጣል። «ዲስኩን ላስተካክል» የሚለውን የዊንዶውስ መጠገኛ አታስነሱ፣ የደከመውን ዲስክ ይገድለዋል። ከፍቶ የሚያይላችሁ ሰው ካለም እምቢ በሉ፤ ውስጡ አቧራ ከገባ አለቀለት።

ስለ ኮፒ ይህች ከተማ ራሷ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ1988 የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሃርጌሳን ሲደበድቡ፣ የሬዲዮ ሃርጌሳ ሰዎች የዘፈን ቴፖችን መሬት ቆፍረው ቀበሩ፤ ሌላው ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተበትኖ ወጣ። ዛሬ የከተማዋ የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴቶች አሉት። የእናንተም ሰነድ ቢያንስ ሦስት ቦታ ይኑር፦ ስልክ ላይ፣ ፍላሽ ላይ፣ ሌላ አገር ባለ ዘመድ ወይም ኢሜይል ውስጥ። በዋትስአፕ ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ዶክመንት ይሁን፣ አለዚያ ጽሑፉ ይደበዝዛል። ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ብታስቀምጡም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ባለ ሁለት ደረጃ ፓስወርዱን አብሩ። ሲም ካርዳችሁ ተዘግቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ቢሰጥ፣ ያለ ፓስወርዱ ያ ሰው ሊገባበት ይችላል። ጉግልም ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተገባበትን አካውንት ሊሰርዝ ስለሚችል፣ ወረቀታችሁ ያለበትን ኢሜይል አልፎ አልፎ እየገባችሁ እዩት።