የስውር ጆሮ ታሪክ፦ ከሶንጎ ሸንጎ እስከ ሰው ሠራሽ ማንነት

በኢትዮጵያ ባለሥልጣናት የሕዝብን ንግግር በስውር ማዳመጥ የጀመሩት ከረጅም ጊዜ በፊት ሲሆን፣ መሣሪያውና ስያሜው በየዘመኑ ቢለዋወጥም ድርጊቱ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አንድ የማይታለፍ ገደብ ነበረው፤ ይኸውም አድማጩ ሰው መሆኑ ነው። ሰው በመሆኑ በአንድ ጊዜ ከአንድ ቦታ በላይ ሊገኝ አይችልም፣ ይደክማል፣ ይረሳል፣ ጎረቤት ይለየዋል፣ ፍርድ ቤት ቀርቦም በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈተናል። ፖሊስ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚፈጥረው ሐሰተኛ ማንነት፣ ማለትም ስም፣ ፎቶግራፍና የሕይወት ታሪክ ተሰጥቶት በማኅበራዊ ሚዲያ ከዜጎች ጋር የሚነጋገር ፕሮግራም፣ ይህን ገደብ ያነሣል። ለውጡ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለመረዳት የሐዋሳ ከተማና የአካባቢዋ ታሪክ ብዙ ያስተምራል።

በሲዳማ ባህል የጋራ ጉዳይ የሚመከረውና ጥፋት የሚጣራው ሶንጎ በተባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ሲሆን፣ አፊኒ የሚባለው ሥርዓት ነገሩ ሁሉም ሰምቶት በግልጽ እንዲመከርበት ያስገድዳል፤ የምክክሩም መለኪያ ሀላሌ፣ ማለትም እውነት ነው። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የነበረው አውጫጭኝ ደግሞ የአካባቢው ሰው በሙሉ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ የሚመረመርበት ሥርዓት ሲሆን፣ በአንዳንድ ስፍራ ምስጢሩን የሚያቀብለው ሰው «ወፍ» ይባል ነበር። ወፉ ስሙ ቢሸሸግም የሚናገረው በመሐላ ስለሆነ፣ ስውርነቱ ከማኅበረሰቡ ሕግና ከሃይማኖቱ ቁጥጥር ውጭ አልነበረም።

በ1952 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ዳር የተቆረቆረችው ሐዋሳ ያደገችው መንግሥታዊ ስለላ እየተጠናከረ በሄደበት ዘመን ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን «ጆሮ ጠቢ» የሚባለው ሰው ወሬን ለባለሥልጣን ያደርስ ነበር፤ ደርግ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን በወረሰበት በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ ሲቋቋሙ ግን ክትትሉ እስከ መኖሪያ ደጃፍ ድረስ ገባ። በቀይ ሽብር ዓመታት የቀበሌ ጥቆማ ብዙ ወጣቶችን ለእስርና ለሞት ዳርጓል። በኢሕአዴግ ዘመን የተስፋፋው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ለልማት ሥራ ታስቦ ተቋቋመ ቢባልም፣ የነዋሪውን የፖለቲካ ዝንባሌ ለመከታተልም አገልግሏል። ይሁን እንጂ በእነዚህ ዘመናት ሁሉ ነዋሪው ጠቋሚውን በመልኩ የመለየት ዕድል ነበረው፤ በቡና ላይ ጨዋታ የሚለወጠውም የትኛው ሰው ሲመጣ እንደሆነ ያውቅ ነበር።

የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ በ1999 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ የክትትሉ ታሪክ ወደ ኮምፒዩተር ተሻገረ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም በ2005 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር የተቃዋሚው ድርጅት የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፎች ማጥመጃ አድርጎ ከኢትዮጵያ ጋር በተያያዘ ዘመቻ ጥቅም ላይ መዋሉን አሳይቷል። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ ከዚሁ ኤጀንሲ ጋር ግንኙነት ካላቸው ግለሰቦች ጋር አያይዞ፣ በአገር ውስጥ ተመልካች ላይ ያነጣጠሩ 65 የፌስቡክ አካውንቶችን፣ 52 ገጾችንና 32 የኢንስታግራም አካውንቶችን ማስወገዱን አስታውቋል። እነዚህን ሐሰተኛ ማንነቶች የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ስለነበሩ ብዛታቸው በሠራተኛ ቁጥርና በሥራ ሰዓት ይወሰን ነበር።

ይህን ወሰን ለማለፍ የተሠራ መሣሪያ በአሜሪካ ገበያ ላይ ውሏል። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የወጡ የጋዜጠኞች ምርመራዎች፣ ማሲቭ ብሉ የተባለ ኩባንያ ኦቨርዋች የሚል ስም ያለው ሥርዓት ለፖሊስ እንደሚሸጥ፣ በአሪዞና ግዛት የሚገኘው የፒናል አውራጃም 360,000 ዶላር ውል እንደገባ ገልጸዋል። ኩባንያው ካዘጋጃቸው ገጸ ባሕርያት መካከል ሕፃናትን ከሚያጠምዱ ጥቃት አድራሾችና ከሰው አዘዋዋሪዎች ጋር የሚነጋገሩ ብቻ ሳይሆኑ የተቃውሞ ሰልፈኛ መስለው የሚቀርቡም ነበሩ። ሕፃናትን ከጥቃት መጠበቅ ማንም ሊቃወመው የማይገባ ዓላማ ነው፤ ነገር ግን በዚሁ ዓላማ የተገዛ መሣሪያ ሐሳቡን በሰላም ወደሚገልጽ ዜጋ ሊዞር መቻሉ የችግሩን ልክ ያሳያል።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ወደ ሐዋሳ ቢመጣ ይህ አደጋ የተለየ ክብደት ይኖረዋል። በግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በሐዋሳ አቅራቢያ በምትገኘው ሎቄ በሰልፈኞች ላይ የተተኮሰው ጥይት፣ በሰኔ 2010 ዓ.ም. የደረሰው የብሔር ግጭትና የሲዳማ የክልልነት ጥያቄ በተጋጋለበት በሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. የጠፋው የሰው ሕይወት በከተማዋ ትዝታ ውስጥ አሉ። ኤጀቶ የተባለው የወጣቶች ንቅናቄ ማኅበራዊ ሚዲያን ለቅስቀሳ ይጠቀም የነበረ ሲሆን፣ ጥያቄው በመጨረሻ መልስ ያገኘው በኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ነው። በእንዲህ ዓይነት ወቅት ወደ ወጣቶች የቴሌግራም ግሩፕ የሚገባ ሐሰተኛ ማንነት ለመታመን ስም፣ ቋንቋና ብሔር ያስፈልገዋል፤ አክራሪ መስሎ ለመቅረብም አክራሪ ቃል መናገር አለበት። ስለዚህ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የተከለከለውን የጥላቻ ንግግር ሕግ አስከባሪው ራሱ ሊያሰራጭ፣ ወንጀል ያላሰበውንም ወጣት ወደ ወንጀል ሊገፋ ይችላል። ከዚህም በላይ እነዚህ ፕሮግራሞች የሚሠለጥኑት በብዛት በተጻፉ ቋንቋዎች በመሆኑ፣ በዲጂታል ጽሑፍ ብዙም ያልተወከለውን ሲዳምኛ ሲያነቡ ቀልድን ከዛቻ ሊያምታቱ ይችላሉ፤ የስህተቱ ዋጋ ግን የሚከፈለው በሰው ነፃነት ነው።

ሕጉም ይህን ሁኔታ አስቀድሞ አላየም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ግንኙነትን ይጠብቃል፤ የ2001ዱ የፀረ ሽብር አዋጅም ቢሆን ግንኙነትን ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ሐሰተኛው ማንነት ግን የሌላውን መልእክት አይጠልፍም፤ ዜጋው ሰው መስሎት ራሱ ይነግረዋል፤ በዚህም ጠለፋን ብቻ አስቦ የተጻፈ ጥበቃ በቀላሉ ይታለፋል። በመሆኑም እንዲህ ያለው ምርመራ በስም በተለየ ከባድ ወንጀል ላይ ብቻና በፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲካሄድ፣ ፕሮግራሙ የተናገረው ሁሉ ሳይቆረጥ ተመዝግቦ ለተከሳሹ እንዲሰጥ፣ ለእያንዳንዱ ሐሰተኛ ማንነትም በስሙ የሚጠየቅ አንድ የፖሊስ መኮንን እንዲኖር በግልጽ መደንገግ አለበት። አውጫጭኝ ከወፉ መሐላ ይጠይቅ ነበር፤ ሊምል ለማይችል ማሽን ግን በፍርድ ቤት ፊት ቆሞ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ከሌለ፣ የቀበሌ ጥቆማ ያደረሰውን በደል የሚያቆም ልጓም አይኖርም።